ጥያቄ የማይጠየቅበት መጠጥ ቤት

ማላኪ ገራቲ መጠጥ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የጓሮ በር መኖሩን ነው። ከዚያ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጣል። ለንደን፣ ክሪክልዉድ ሰፈር ውስጥ አርባ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እኔ ስሚንቶ አቦካለሁ፣ እሱ ግድግዳ ይለስናል። በዚህ ሁሉ ዘመን ለበር ጀርባውን ሰጥቶ ሲጠጣ አይቼው አላውቅም።

የሰፈራችን መጠጥ ቤት ተሽጦ አፓርታማ ሲሆን ማላኪ ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር። ሚስት አላገባ፣ ልጅ የለው፤ ያ ቤት ነበር ቤቱ። ለንደንን በሚያክል ከተማ አይሪሽ መጠጥ ቤት ይጠፋል ወይ ትሉ ይሆናል። ስሙማ በየጥጋጥጉ ሞልቷል፤ የጠፋው የሚጠጣበት ነው። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሁለታችን አውቶቡስ እየያዝን ፍለጋ ጀመርን።

የማይወደው ብዙ ነው። በሩ ላይ የአየርላንድ ምልክት ነው የሚባለው አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ቤት አይገባም። አንዱ ጋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አሮጌ ብስክሌት አየና፣ ይሄ ብስክሌት አየርላንድን ረግጦ አያውቅም ብሎ ወጣ። ኪልበርን ውስጥ ደግሞ አሳላፊው ጥቁሩን ቢራ እስኪረጋ ሳይጠብቅ ባንዴ ግጥም አድርጎ ሞልቶ ሰጠው፤ ማላኪ አመሰገነውና ብርጭቆውን ሳይነካ ተነሳ። አንድ ቤት ግን ምንም አይወጣለትም ነበር። ቢራው ጥሩ፣ ወንበሩ ያረጀ፣ ጥግ ላይ ጋዜጣ የያዘ ሽማግሌ።

"ያ ሰውዬ ገጽ አልገለጠም" አለኝ በሹክሹክታ። "ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ገጽ የሚያነበው ምን ተጽፎበት ነው?"

እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል ብለውም አልሰማኝም። ወጣን።

ይህ ጠባይ አብሮት አልተወለደም። በፈረንጆቹ 1974 መጨረሻ፣ እንግሊዝ አገር መጠጥ ቤቶች ውስጥ የአየርላንድ ታጣቂዎች ያጠመዱት ፈንጂ በፈነዳ ሰሞን፣ የእኛ ዓይነት አነጋገር ያለው ሰው አውቶቡስ ላይ አፉን ለመክፈት ይፈራ ነበር። አንድ ማለዳ ፖሊሶች ማላኪን ከአልጋው አንስተው ወሰዱት። ሰባት ቀን አሰሩት። ስለ ፈንጂው የሚያውቀው ጋዜጣ ላይ ያነበበውን ብቻ ነው፤ እነሱ ግን ከመያዙ በፊት በነበረው ቅዳሜ መጠጥ ቤት ውስጥ በሞቅታ የተናገራትን አንዲት የማትረባ ቀልድ ቃል በቃል ያውቋታል። መጨረሻ ላይ ያለ ክስ ለቀቁት። ሲመለስ ሥራው ለሌላ ተሰጥቶ፣ ሻንጣው ከተከራየው ክፍል በር ውጭ ተቀምጦ ጠበቀው።

ያን ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ የነበርነው ሦስት ነን። እሱ፣ እኔና ኮልማን ደርከን የሚባል፣ አየርላንድ ውስጥ የስላይጎ አውራጃ ልጅ፣ ጉድጓድ ቆፋሪ። ኮልማን ደግሞ ማላኪ በታሰረ በሦስተኛው ቀን ድራሹ ጠፍቷል።

ማላኪ ነገሩን ለመገጣጠም ጊዜ አልፈጀበትም። "ንጹሕ ሰው ምን ያሸሸዋል?" አለ፤ በየሥራ ቦታው፣ በየመጠጥ ቤቱ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሳይቀር። ኮልማን ደርከን ጠቋሚ ነው ተባለ፤ እንደዚያው ሆኖ ቀረ። እኔም አላስተባበልኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ኮልማን ካልሆነ የምቀረው እኔ ነበርኩ። እኔ አላደረግሁትም። ያን ቀን መጠጥ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ሰምቶታል። ግን ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም።

ወደ ፍለጋችን ልመለስ። ሚያዝያ ላይ ከወንዙ ማዶ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ፣ በሩ ላይ ምንም ያልተሳለበት አንድ ቤት አገኘን። ግድግዳው ላይ ከአገር ቤት የመጡ የሞት ማስታወቂያዎች ተለጥፈዋል። ቢራው እስኪረጋ ተጠበቀ። ማላኪ ሁለተኛ ብርጭቆ አዘዘ፤ ፍለጋ ከጀመርን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ይኸው ተገላገልን ብዬ ነበር።

ከዚያ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት መጣች። አትራክታ ትባላለች፤ ሰባን የተጠጋች፣ መነጽሯ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ። ጠረጴዛውን እየወለወለች የየት አገር ልጆች እንደሆንን ጠየቀች። ማላኪ ሮስኮመን አላት። ለንደን መቼ እንደመጣ ጠየቀች። የት ሰፈር፣ ምን ሥራ፣ ከእነማን ጋር እያለች ቀጠለች። ፊቱ እንደ በር ሲዘጋ አየሁት። ስሙ ኬሊ እንደሆነ፣ በሰባ ዘጠኝ እንደመጣ፣ ዕድሜውን ሁሉ ማንችስተር እንደሠራ ነገራት። እኔን ቢራው ትን አለኝ።

አውቶቡስ ላይ፣ ያቺ ሴት ጆሮ ጠቢ ናት አለ። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን አውቶቡሱን የጠበቀው እሱው ነው። ቢራው ጥሩ ስለሆነ ነው አለኝ። እኔ እንደሚመስለኝ ሊሰልላት ነው። በእርግጥም አየናት፤ ለሚገባው ሽማግሌ ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ለአንዳንዱም በጆሮው አንድ ነገር ሹክ ትለዋለች፣ ከዚያ ዞር ብላ ደብተር ላይ ትጽፋለች። በአራተኛው ሐሙስ ወደ ጓዳ ስትገባ ማላኪ ተነስቶ ደብተሩን ገለጠው። ስም፣ አገር፣ ዓመት፤ በእያንዳንዱ ፊት "አያውቀውም" የሚል። ከገጹ አናት ላይ በትልቁ ኮልማን ደርከን ተብሎ ተጽፏል።

ስትመለስ ደብተሩ እጁ ላይ ነበር። ለመደበቅ አልሞከረም።

"ይሄ ኮልማን ደርከን ምንዎ ነው?"

"ወንድሜ ነው። ያውቁታል እንዴ?"

ማላኪ ደብተሩን ዘግቶ ባንኮኒው ላይ አኖረላት። እሷ ይህን እንደ አዎንታ ቆጠረችው መሰለኝ፣ ከባንኮኒው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ አወጣች። ታኅሣሥ 1974 የተጻፈ፣ የመጨረሻው። አነበበችልን። ማላኪን ወሰዱት ይላል። ማን እንደጠቆመው አላውቅም፤ ቀጣዩ እኔ ነኝና ለጊዜው ልሰወር፤ ለእናታችን አትንገሪያት ይላል። ከዚያ ያለውን ደግሞ ከአንድ ቄስ ነው የሰማችው። በተከታዩ በጋ ኮልማን ክሪክልዉድ ተመልሶ ነበር። አብሮት የሚጠጣ አጣ። ያዘዘውን ብርጭቆ ወለል ላይ ደፉበት። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

"አንድ ሰው ስሙን አጥፍቶት ነው አሉኝ" አለች። "ማን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አጣሁ። አቶ ኬሊ፣ እርስዎ ሰምተው ያውቃሉ?"

ማላኪ ወደ በሩ አየ። ይወጣል ብዬ ኮቴን አነሳሁ።

"ኬሊ አይደለሁም" አላት። "ማላኪ ገራቲ ነኝ። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ደብዳቤውን ቀስ ብላ አጠፈች።

"አውቀህ ነው ጠርጥረህ?"

"ጠርጥሬ።"

"እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ስሙን ስጠራ አንተ የት ነበርክ?"

"ክሪክልዉድ።"

ግማሽ የቀረውን ብርጭቆውን አንስታ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ከዚያ በሩን አሳየችን።

ያን በጋ ማላኪ ሌላ ሰው ሆነ። ሲጠየቅ ብድግ ብሎ ይወጣ የነበረው ሰው ራሱ ጠያቂ ሆነ። የአይሪሽ ጡረተኞች ምሳ የሚበሉበት አዳራሽ፣ የድሮ የሠራተኛ ማደሪያዎች፣ የአረጋውያን መኖሪያዎች፤ የቀረው የለም። እየገባ ማላኪ ገራቲ ነኝ ይላል፤ ኮልማን ደርከን ጠቋሚ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ማስረጃ አልነበረኝም፣ ያያችሁት ንገሩኝ። አንዳንዱ ፊቱን አዞረበት። አንዱማ ይሄ ደግሞ ለማን እየሠራ ነው ሲል ሰማሁት።

ጥቅምት ላይ ሉተን ከተማ አንድ የዋሻ ሠራተኛ የነበረ ሽማግሌ አገኘ። ኮልማን አብሮት ቆፍሯል። ዝምተኛ ነበር፣ ጓደኛ አያበዛም ነበር አለው። በዘጠና አንድ ኮቨንትሪ ውስጥ በሳንባ በሽታ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ማላኪ ይህን ይዞ ብቻውን ወንዙን ተሻገረ። አትራክታ አስገባችው። በሳምንቱ ሁለቱ በአውቶቡስ ኮቨንትሪ ሄዱ። እዚያ ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም፤ መቃብሩ ላይ ስሙ በተሳሳተ ፊደል ተጽፎ ነበርና እንዲታረም ማመልከታቸውን ብቻ ነው ያወራኝ።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ የሚጠጣው እዚያ ነው። አትራክታ ቢራውን እስኪረጋ ጠብቃ ታቀርብለታለች፤ ሌላ የደበቅከኝ አለ ወይ ትለዋለች፤ የለም ይላታል። የምታምነው አይመስለኝም። እሱም አንዳንዴ፣ ደብዳቤ ማንም ይጽፋል፣ ጠቋሚም ይጽፋል ይለኛል፤ ወዲያው ያፍራል።

ባለፈው ወር አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ያን የሰባ አራቱን ቅዳሜ ከእኔ ቀድመህ ነበር የወጣኸው፣ አይደል? ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም፣ አብረን ነው የወጣነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አውቶቡሱ መጣ፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ሁለት ወንበር ወደ ኋላ ተቀመጥን። ባለፈው ሐሙስ በሩን ባንኳኳ፣ ሳይጠብቀኝ ብቻውን ወደ አትራክታ ቤት መሄዱን ጎረቤቱ ነገረችኝ።