አለቀ የተባለው እንግጫ

2014 ዓ.ም. ጳጉሜን ነበር፤ ክረምቱ ሊወጣ፣ ጭጋጉ እየሳሳ።

በእኛ አገር ልጃገረዶች በአዲስ ዓመት ዋዜማ መስክ ወርደው እየዘፈኑ እንግጫ የሚባለውን ሣር ይነቅላሉ። ከአደይ ጋር ጎንጉነው በዕንቁጣጣሽ ጠዋት በወላጆቻቸው ራስ ላይ ያስሩታል፤ ወላጅም ይመርቃል። ያገባች ሴት እንግጫ አትነቅልም። ልጄ ለጥር የሠርግ ቀን ተቆርጦላት ነበርና የዚያ ዓመቱ የመጨረሻዋ ነው። አባቷ ካረፈ ወዲህ የምታስረው ለእኔ ብቻ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ ሆቴል ልጃገረዶቹን ለበዓሉ ጠራቸው። አንድ ዓይነት ቀሚስም አለበሳቸው።

«አክስቴ ቤት አድሬ ጠዋት እደርሳለሁ» ብላኝ ሄደች።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስሁ፤ ሻሼን ፈትቼ ተቀመጥሁ። ጎረቤቴ ልጇ ያሰረችላትን እንግጫ በራሷ ላይ እንዳደረገች መጣች።

«አንች፣ ራስሽን ገልጠሽ ብርድ ልታስመችው ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። «ይልቅ ነይ፣ ልጅሽ ስልክ ላይ ወጥታለች።»

አየሁ። ልጄ መነጽር ባደረገች አንዲት እንግዳ ሴት ራስ ላይ እንግጫ ታስራለች። «እንኳን አደረሰሽ፣ እምየ» አለቻት። ሴትዮዋ ወደ ካሜራው ሳቀች። ጎረቤቴ ስልኩን ቶሎ አጠፋችው።

ልጄ እኩለ ቀን ላይ ባዶ እጇን ገባች።

«እምየ፣ እንግጫው አለቀ።»

«ስኳር ነው የሚያልቀው?»

«እንግዶቹ በዙብና! ‹ሁሉንም እምየ በሉ› አሉን፤ ምን ላድርግ? ነገ በጠዋት ሌላ እነቅልልሻለሁ።»

«የነገው ሣር ነው» አልኋት።

በሰላም ስለ ገባችልኝ አምላኬን አመሰገንሁ። አልተቆጣኋትም። ምርቃቱ ግን ከአፌ አልወጣ አለ። ሆቴሉን አልወቅስም፤ ሆቴል ያገኘውን ይሸጣል። «እምየ»ን አውጥታ የሰጠችው እሷ ናት።

በማግስቱ በሩን ስከፍት፣ ጤዛው ያልረገፈ እንግጫ ጎንጉና ደጃፍ ላይ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል። ልታስርልኝ እጇን ስታነሣ ራሴን ዝቅ አላደረግሁላትም። ተቀበልኋትና ጉንጉኑን ፈታሁት፤ ሣሩን ቤቱ ውስጥ ጎዘጎዝሁት። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ።