አማቱ ቀድመው የተሰለፉበት ዕዳ

ሲታቲን የማታውቁት ከሆነ ኪታሌ ከተማ መናኸሪያ ገብታችሁ አታውቁም ማለት ነው። ከበቆሎ መጋዘኑ አጥር ጥግ፣ ከእኔ የልባሽ ጫማ መደብ ቀጥሎ፣ የቻፓቲ ቂጣ በቦሎቄ የሚሸጠው ግዙፍ ሰውዬ እሱ ነው። ሌሊት መጋዘኑን ይጠብቃል፣ ቀን ሊጥ ያቦካል። መቼ እንደሚተኛ ብጠይቀው “የቻፓቲው አንዱ ጎን እስኪበስል ነዋ፣ ማማ ናፉላ” አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በኋላ በዓይኔ አየሁት፤ መገልበጫውን እንደያዘ፣ ቆሞ ያንኮራፋል።

መጀመሪያ ሲመጣ ያልሳቀበት የለም። እኛ ቡኩሱዎች ዘንድ ወንድ ልጅ ሊጥ ሲዳምጥ ያየ ሰው ወሬውን ለጎረቤት ሳያደርስ አያድርም። የማታቱ ሚኒባሶቹ ረዳቶችማ “ሲታቲ፣ ጎማችን ተንፍሷል፣ አንድ ቻፓቲ ለጥፍልን” እያሉ ያላግጡበት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያው ሳምንት ቻፓቲ ለጎማም ይሆን ነበር። እሱ ግን አይመልስም፣ አይቆጣም፣ መዳመጡን ይቀጥላል። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ስንቱን በመጥበሻ እመታው ነበር።

ቻፓቲው ቀስ በቀስ ተሻሻለ። ያልተሻሻለው የስልኩ ነገር ነው። የዘበኛ ደመወዝ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፤ ሲታቲ የምድጃና የመጥበሻ መግዣ ቢያጣ፣ ደመወዝ እስኪደርስ ብሎ ከስልኩ ተበደረ። ዋስ የለ፣ ቢሮ የለ፣ ፊት የሚያጠቁር ጸሐፊ የለ፤ “እስማማለሁ” የሚለውን ትነካለህ፣ ገንዘቡ ይገባል። በምን እንደተስማማ አላነበበም። እኔስ መቼ አንብቤ አውቃለሁ? ደመወዙ ሲደርስ ከነወለዱ ከፈለ፤ ከፍሎ ሲጨርስ የዱቄት መግዣ አጣ፤ እንደገና ተበደረ። ቆይቶ ከአንዱ አበዳሪ እየወሰደ ለሌላው ይከፍል ጀመር። አንድ ቀን “ውድ ሲታቲ፣ እንተማመንብሃለን” የሚል መልእክት መጣለትና እያነበበልኝ ፈገግ አለ።

“አየሽ፣ ሚስቴ እንኳ ውድ ብላኝ አታውቅም።”

“ሚስትህ ወለድ አትቆጥርብህማ!” አልኩት።

ከዕዳው ይልቅ የሚያስፈራው አማቶቹ ናቸው። ናንጃላን ሲያገባ ለአባቷ ለሽማግሌው ኩንዱ ቃል ከገባው የጥሎሽ ከብት አራት ላም ይቀርበታል፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ሽማግሌው እስካሁን ዝም ያሉት ከዘበኛ ላም አይገኝም ብለው ነው። ነጋዴ ሆነ ሲባል ከሰሙ ግን በማግስቱ ይመጣሉ፤ ላሞቹን ካላገኙም “እስኪመጡ ልጃችን እኛ ጋ ትቆይ” ብለው ናንጃላን ይዘዋት መሄድ ይችላሉ። ልማዱ ይፈቅድላቸዋል። የእኔንም ታላቅ እህት አባቴ እንዲሁ አምጥቷት፣ ዓመት ሙሉ ቤታችን በቆሎ ስትፈለፍል ከርማለች።

ስለዚህ ሲታቲ አደራ አለኝ። “ማማ ናፉላ፣ ከኪሚኒኒ የመጣ ሰው ካየሽ አስነጥሺልኝ።” አማቶቹ የሚኖሩት ኪሚኒኒ ነው። ከዚያ ወዲያ የኪሚኒኒ ማታቱ በገባ ቁጥር ሳስነጥስ የምውል ሴት ሆንኩ። ደንበኞቼ ጫማዎቹ አቧራ አላቸው እያሉ ዋጋ ያስቀንሱኝ ጀመር።

ትምህርት ቤት ሲከፈት የልጆቹ ክፍያ ደመወዙን ጠራርጎ ወሰደው። በዚያው ሰሞን ዱቄት ተወደደ። የብድሩ ቀን አለፈ። በምን እንደተስማማ ያወቅነው ያኔ ነው፤ ለካስ ስልኩ ላይ ያለውን ስም ሁሉ ለአበዳሪዎቹ አሳልፎ ሰጥቷል።

መጀመሪያ የተደወለው ለእኔ ነው። ማር የሚንጠባጠብበት ድምፅ ነው።

“ጤና ይስጥልኝ፣ ሼሪል እባላለሁ፣ ከናይሮቢ ነው። ጎረቤትዎ ሲታቲ ብድር አለበት፣ እንዲከፍል ቢመክሩልን።”

“አጠገቤ ነው ያለው። ለምን ራስሽ አትነግሪውም?”

“ስልክ አያነሳም።”

ዞር ብዬ ሳየው እጁን በሙሉ ሊጡ ውስጥ ነክሮ በዓይኑ ይለምነኛል። “እጁ ሊጥ ነው፣ የኔ እህት” አልኳት። ውሸት አልነበረም።

ለመጋዘኑ አለቃ ደወለች። ለፀጉር አስተካካዩ ደወለች። ለድሮ እጮኛው ደወለች፤ እሷም ወዲያው ለሲታቲ ደውላ “እግዚአብሔር ነው ያወጣኝ!” ብላ ዘጋችበት። ፓስተራችን ደግሞ እሁድ ዕለት “በስልክ የታሰረ አንድ ወንድማችን አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ቻፓቲ ይሸጣል” ብለው ጉባኤውን አቁመው አስጸለዩለት። ሲታቲም ከሁላችን ጋር ቆሞ አሜን አለ፤ ምን ያድርግ?

ከዚያ ለሽማግሌው ተደወለ። ሲታቲ የአማቱን ቁጥር የመዘገበው በስማቸው አይደለም፤ “አራት ላም” ብሎ ነው የጻፈው። ሼሪልም የተጻፈውን አንብባ ደወለች። ሽማግሌው ይህን ወሬ ለሰው ሁሉ ስለሚያወሩት ቃል በቃል እናውቀዋለን።

“ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ አራት ላም ነዎት?”

“መጡ እንዴ?”

“እነማን?”

“ላሞቹ ናቸዋ!”

“አይ አባት፣ እኔ የደወልኩት ስለ ሲታቲ ዕዳ ነው።”

“እኔስ ስለማን ዕዳ የማወራሽ መሰለሽ? አንዷ ቦቃ ትሁንልኝ ብያለሁ።”

“አባት፣ ሲታቲ ለንግዱ ብሎ ከእኛ ተበድሮ...”

“ቆይ፣ ቆይ። የምን ንግድ?”

ዘረገፈችላቸው፤ ኪታሌ፣ መናኸሪያ፣ ቻፓቲ። ሽማግሌው ረጋ ብለው አዳመጧት።

“ለመሆኑ ገንዘብሽን መጠየቅ ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?”

“ሦስት ሳምንት አለፈው።”

“እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ወረፋሽን ጠብቂ፣ ልጄ!” ብለው ጆሮዋ ላይ ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ደዋዩ እሳቸው ሆኑ። “ደንበኛ አለው? ቅዳሜ ቅዳሜ ይበዛለታል? ቦሎቄውንስ ይጨምራል ወይስ ይሰስታል?” እያሉ ጠዋት ማታ ሲነዘንዟት፣ በመጨረሻ ስልክ አላነሳም ያለችው ሼሪል ናት።

ቅዳሜ፣ ልክ በምሳ ግርግር፣ ከኪሚኒኒው ማታቱ ሽማግሌው ኩንዱ ከነከዘራቸው ወረዱ። ታናሽ ወንድማቸው ተከተሏቸው፤ ከኋላ ደግሞ የናንጃላ እናት፣ የሌሶ ጨርቃቸውን ከራስ እስከ ወገብ ተከናንበው። አስነጠስኩ። መደቤ ላይ ያለው ጫማ ሁሉ የተነቃነቀ መሰለኝ። ሲታቲ ግን ቆሞ ተኝቷል።

ዓይኑን ሲገልጥ የሚስቱ እናት አፍንጫው ስር ደርሰዋል። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅና የሚስቱ እናት ፊት ለፊት አይተያዩም፤ ነውር ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን መንገድ ይለቃል፣ ካልሆነም አጥር ይዘላል። እዚህ የት ይግባ? ያ ሁሉ ቁመት ታጥፎ ጠረጴዛው ስር ገባ፤ የጠረጴዛውን ላስቲክ ወደ ታች ሳበው። ጫማዎቹ ግን ውጭ ቀሩ። እኔ የሸጥኩለት ናቸው፣ ያንን የሚያክል እግር ያለው ሰው ኪታሌ ውስጥ ሌላ የለም።

ምን አማራጭ አለኝ? መገልበጫውን አነሳሁ።

“ሲታቲ የለም እንዴ?” አሉ ሽማግሌው፣ ጫማዎቹን ትክ ብለው እያዩ።

“አሁን እዚህ ነበር፣ አባባ።”

“አንቸኩልም። እንጠብቀዋለን።” አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የናንጃላ እናት ጀርባቸውን ለምድጃው ሰጥተው ወደ አጥሩ ዞሩ።

ጥቂት እንደቆዩ ወንድምየው ማሽተት ጀመሩ። “ይኼ ቦሎቄ ደግሞ መጥፎ አይሸትም።”

“እኔ አልበላም” አሉ የናንጃላ እናት ለአጥሩ። “ላሞቹ ሳይገቡ በልጄ ባል ቤት እንግዳ ሆኜ እህል አልቀምስም።”

“ይኼ ነው ቤት? ላስቲክ እኮ ነው!” አሉ ወንድምየው።

“ምድጃ አለው፣ ሚስቱ የተሸከመችው ዱቄት አለው። ቤት ነው።”

“ታዲያ ይኼ ሁሉ ሰው እየበላ አይደለም እንዴ?”

“እነሱ ይከፍላሉ።”

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ብዙ አሰቡ። “ካልከፈልን እንግዳ ነን። ከከፈልን ገበያተኛ ነን። እንግዳ መሆን ደግሞ አንችልም” አሉ።

“ይከፈላ!” አሉ ወንድምየው፣ ምራቃቸውን እየዋጡ።

ዕዳ ሊያስከፍል መጥቶ የራሱን ኪስ የሚዳብስ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከጠረጴዛው ስር “ማማ ናፉላ፣ ቅናሽ አድርጊላቸው” የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። “ዋጋው አንድ ነው!” አልኩ ጮክ ብዬ። ወንድምየው ሦስቴ አስደገሙ። የናንጃላ እናት ሳህናቸውን ሌሶአቸው ውስጥ አስገብተው ጥርግ አደረጉትና “ለዚያ ለማላየው ሰውዬ ንገሪው” አሉኝ፤ “ቦሎቄው ሲዘፈዘፍ ይደር። ከሰል እየፈጀ ነው።”

“ሰምቷል፣ እማማ።”

ሁላችንም ሳቃችንን እንደያዝን ናንጃላ ዱቄት በአናቷ ተሸክማ ደረሰች። ወላጆቿን ስታይ ከነሸክሟ ደርቃ ቀረች። ሽማግሌው አፋቸውን ጠርገው ተነሱ፤ ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቷል።

“ናንጃላ፣ ልብስሽን ያዢ። ላሞቹ እስኪመጡ እኛ ጋ ትቀመጫለሽ።”

እህቴ ትዝ አለችኝ።

ናንጃላ ዱቄቱን እግራቸው ስር ዘረገፈችው ማለት ይቻላል፣ እንዲያ አድርጋ ጣለችው። “እኔን የምትወስዱ ከሆነ ይኼንንም ተሸከሙልኝ፤ ከወፍጮ ቤት ድረስ አንገቴን ሰብሮታል!” አለች። ቀጥላ ልትስቅ ነበር መሰለኝ፣ ድምፅዋ ተሰበረ። “ይኼ ሰውዬ መጥበሻውን ከገዛ ወዲህ አልጋ ላይ ጎኑን አሳርፎ አያውቅም፣ አባዬ። ወስዳችሁኝ ማን ይቀሰቅሰዋል?”

ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ከደንበኞቹ አንድም የሳቀ የለም።

ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ። “ላሞቹን ትቻቸዋለሁ ማለት አይደለም” አሉ ጫማዎቹን እያዩ። “መቅረታቸውን ግን ለምጄዋለሁ። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። የልጄ ባል ንግድ መጀመሩን ከናይሮቢ፣ በዓይኔ ካላየኋት ልጅ፣ በስልክ ሰማሁ። መናኸሪያው ያውቃል፣ ፓስተሩ ያውቃሉ። እኔ ምን በድዬ ነው የምደበቀው?”

ቻፓቲው ማረር ጀመረ።

የናንጃላ እናት ይህን ጊዜ ሌሶአቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። “እኔ ምንም አይታየኝም” አሉ። “መውጣት የሚፈልግ ሰው ካለ ይውጣ፣ አንገቱ ሳይቀጭ።”

ሲታቲ ወጣ። ግንባሩ ዱቄት ነው፣ ጉልበቱ አመድ ነው። ሽማግሌው ፊት ተንበረከከ።

“ፈርቼ ነው፣ አባባ።”

“ምኑን?”

“እሷን እንዳትወስዱብኝ። ደግሞ... ባይሳካልኝ እንዳታዩኝ።”

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ከየትኛው ተበድሮ ለየትኛው እንደከፈለ፣ ወለዱ ስንት እንደደረሰ፣ ምንም ሳያስቀር። ናንጃላ ግማሹን የሰማችው ያን ቀን ነው፤ አየሁት፣ ፊቷ ስንቴ ተለዋወጠ። ሲጨርስ ሽማግሌው በከዘራቸው ትከሻውን ነካ አደረጉት።

“እኔ ያልተቀበልኳቸው ላሞች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዴም አልወለዱብህም። የዚያች የናይሮቢዋ ልጅ ገንዘብ ግን በየሳምንቱ ይወልዳል። በል፣ መጀመሪያ የሚወልደውን ከቤትህ አስወጣ። ስልኩን ለሚስትህ ስጣት፤ ከእንግዲህ ከእሱ አትበደርም። ቦሎቄ ሲያልቅብህ ከእኔ ማሳ ታመጣለህ።”

“እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባባ!”

“በዋጋ ነው። የምን ምርቃት ነው?”

ሲታቲ ስልኩን ለናንጃላ ሲያቀብላት እጇ ላይ ጮኸ። ሼሪል ናት። ናንጃላ ምን እንደምታደርገው ጨንቋት አባቷን ስታይ፣ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት።

“ሼሪል፣ እኔ ነኝ።”

“ወይኔ፣ እርስዎ ደግሞ!”

“ስሚኝ። ገንዘብሽ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ በየቅዳሜው ይላክልሻል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ለጎረቤት፣ ለፓስተር፣ ለአለቃ መደወል የለም። የምትደውዪው ለእኔ ነው።”

“እሺ አባት፤ ግን ሲታቲን ራሱን ለአንድ ደቂቃ ላናግረው።”

ሽማግሌው ሲታቲን አዩት። አሁንም መሬት ላይ ተንበርክኮ ነበር።

“አይሆንም” አሏት። “ልጄ ሥራ ላይ ነው።”

ሲታቲ ተነሳ። ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ መገልበጫውን ከእጄ ተቀበለኝና፣ ወረፋውን ቀና ብሎ አይቶ፣ ተረኛው ማን እንደሆነ ጠየቀ።