ወደ ቀኝ የሚያዩ ፊቶች

በሜክሲኮዋ ቲኩል ከተማ፣ በሸክላ ሠሪዎች ሰፈር የዶን አንሰልሞ ሁቺምን እጅ የማያደንቅ አልነበረም። ሥራቸው የጥንቱ የማያ ሕዝብ ነገሥታት የጠጡባቸውን ዋንጫዎች አስመስሎ መሥራት ነው። ሸክላው ጠፈፍ ብሎ ገና ሳይደርቅ፣ ከጃንጥላ ዘንግ በተሳለ መቅረጫ ነብር የሚመስለውን የጃጓር አውሬ ጥፍር ያወጡበታል፤ በአፉ ዙሪያ ደግሞ ትናንሽ ፊቶች የተደረደሩበትን የጥንት ጽሕፈት። ጽሕፈቱን ግን ማንበብ አይችሉም። አባታቸው ዶን ኢሲድሮም አይችሉም ነበር።

አባትየው በወጣትነታቸው ሜሪዳ ከተማ ወርደው ጽሕፈቱን ከአንድ ጥንታዊ ዋንጫ ላይ በስስ ወረቀት፣ በከሰል ገልብጠው መጡ። ከሰል ያለበትን ገጽ እርጥቡ ሸክላ ላይ ለጥፈው ጀርባውን በማንኪያ አሹት፤ ምስሉም ቁልጭ ብሎ ታተመ። ማኅተም የሚቀርጽ ሰው በአጠገባቸው ቢኖር ኖሮ ያስቆማቸው ነበር፤ እንዲህ የታተመ ነገር ግራው ቀኝ ሆኖ ነው የሚወጣው። የሚያስቆማቸው አልነበረምና ያ ወረቀት የቤቱ ሕግ ሆነ።

አንሰልሞ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው የማያዎች ፍርስራሽ ወዳለበት ኡሽማል ሄደው በድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ጽሕፈት አዩ። ሲመለሱም፣ እዚያ ያሉት ፊቶች ወደ ግራ እንደሚያዩ፣ የእነሱ ግን ወደ ቀኝ እንደሚያዩ ለአባታቸው ነገሩ። ዶን ኢሲድሮ በሸክላ መምቻው እንጨት እጃቸውን አሏቸው። ትንሿ ጣት ተሰብራ ጠማማ ቀረች። ሁለተኛ አልጠየቁም።

ዓመታት አልፈው የገዛ ልጃቸው ጋስፓር ያንኑ ስሕተት አየ። እሱ ግን አልጠየቀም፤ የወረቀቱን የከሰል ገጽ ወደ ላይ አዙሮ ፊቶቹን ወደ ግራ ቀረጸ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያን ያህል ያማረ ዋንጫ ከዚያ ቤት አልወጣም። ዶን አንሰልሞ ዋንጫውን ብድግ አድርገው በሠራተኞቹ ፊት መሬት ላይ ከሰከሱት።

«የአባቴን እጅ የሚያርም ሰው በዚህ ቤት አያድርም» አሉ።

አላደረም። የባሕር ዳር ከተማዋ ካንኩን ገብቶ የሆቴል ወለልና ግድግዳ ሰድር ለጣፊ ሆነ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልመጣም፤ ለእረፍት የሚልከው ልጁን ያሬሊን ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ከተማው አዲስ አዳራሽ ሠርቶ በዶን ኢሲድሮ ስም አንድ ዋንጫ ይቀመጥ አለ። ዶን አንሰልሞ ሦስት ሳምንት ቀረጹ። ያሬሊ ሜሪዳ ዩኒቨርሲቲ የጥንቱን ጽሕፈት ትማር ስለነበር፣ በአዳራሹ ምርቃት ቀን እንዲነገር ታነብላቸው ዘንድ ጠየቋት። ሰኞ ነበር፤ በአገሩ የሰኞ ምግብ የሆነው ቦሎቄና የአሳማ ሥጋ ምድጃ ላይ ነው። ልጅቷ ዋንጫውን አዙራ አዙራ አየችና መስታወት ፈለገች። የሟች ሴት አያቷን ትንሽ መስታወት ከግድግዳ አውርዳ ፊት ለፊቱ ያዘች።

«‹ይህ የጌታው የካካዋ መጠጫ ነው› ይላል፣ አባባ።»

«ያለ መስታወቱስ?»

መስታወቱን ወደ ግድግዳው መለሰች። ደግመው ጠየቋት።

«ያለ መስታወቱ ምንም አይልም።»

ዶን አንሰልሞ ጠማማ ጣታቸውን ሲያሹ ቆዩ። ከዚያ አባቷ ዘንድ እንድትደውልላቸው ለመኗት። ሰው ሲናዘዝ ይቀለዋል ሲባል ሰምተዋል፤ እውነቱን ሁሉ ካወጡለት ልጁ የሚመጣ መሰላቸው።

በስልኩ የሰድር መቁረጫ ሲጮህ ይሰማል፤ ጋስፓር ድምፃቸውን ሲሰማ አጠፋው።

«ጋስፓር፣ ልክ አንተ ነበርክ። ፊቶቹ ወደ ግራ ነው የሚያዩት።»

«ይሁን፣ አባዬ። አልፏል እኮ። እርስዎስ ያኔ በምን ያውቁታል?»

ልባቸው ሞቀ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ።

«አውቅ ነበር እንጂ፣ ልጄ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ አይቼዋለሁ። አንተ ስትቀርጸውም ልክ እንደሆንክ አውቄ ነው የከሰከስኩት።»



«እኔ እኮ ይቅር ያልኩዎት» አለ ጋስፓር፣ «አያውቁም ብዬ ነበር።»

መቁረጫው እንደገና ጮኸ። ስልኩም ተዘጋ። ያሬሊ ሁለቴ መልሳ ደወለች፤ አባቷ አላነሳም።

ቅዳሜ ዋንጫው አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ፤ ከሥሩ የዶን ኢሲድሮ ስም ተጽፏል። ካንኩን ላለው ልጅ ከፊት የተያዘው ወንበር ባዶ ነበር። የመድረኩ ሰው ድምፅ ማጉያውን ለዶን አንሰልሞ አቀብሎ ጽሕፈቱ ምን እንደሚል ጠየቃቸው።

«ምንም አይልም» አሉ።

ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ አጨበጨበላቸውም።