በረኪናና የከበርቴው ሸሚዝ

የድሃ ልጅ ብትጠፋ የሰፈር ወሬ ነው። የከበርቴ ልጅ ስትታገት ግን ፊልም ይሠራላታል፤ ሰፊው ሕዝብም ከፍሎ ገብቶ ያለቅስላታል። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ግን ለከበርቴው አዝኜ አይደለም፤ እሱ የሚያዝንለት አላጣም። የማወራው ሸሚዙን ስላጠበው ጎረቤቴ ነው።

በረኪና እንለዋለን። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንዲት ጠባብ ላውንደሪ ቤት ቆሞ የሰው ላብ ሲያጥብ ኖሯል፤ ብሶት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። ስንት ጊዜ ስለ ብዝበዛ ላስተምረው ሞከርኩ! እኔ ስለ መደብ ሳወራ እሱ የሚያየው ኮሌታዬን ነው። “ወንድሜ፣ አውልቀውና ንግግርህን ቀጥል፤ ሳትጨርስ ታጥቦ ይደርቃል” ይለኛል። ይደርቃልም። ሚስቱ ከጥግ ሆና ካውያዋን በረጠበ ጣት ቸስ እያደረገች ትስቃለች። ከዚህ ቤት እድፍ ይዞ የወጣ ልብስ የለም፤ የሰውዬው ኩራት ይኸው ነው።

አንዲት ልጅ አለችው። ትምህርቷን ጨርሳ መጀመሪያ ያገኘችው ሥራ የፊልም አልባሳት መጠበቅ ሆነ። ዳይሬክተሩ ከእሷ በፊት ሁለት ሰው ያባረረ ቁጡ ነው። ፊልሙ ደግሞ እንዲህ ነው፤ አጋቾች የአንድ ከበርቴ ልጅ ይወስዳሉ፣ ፖሊስ “ታገሥ” ይላል፣ አባትየው ግን እጅጌውን ሰብስቦ ብቻውን ይሄድባቸዋል። እቤቱ ማንቆርቆሪያ የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ሰው የአጋቾቹን መጋዘን በአንድ ከሰዓት አግኝቶ ስድስት የታጠቀ ጎረምሳ ይደበድባል!

ድብድቡ የሚቀረጸው በሁለት ቀን ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሲያልቅ ከበርቴ ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ “ሸሚዙ ላብ ላብ ሸተተኝ” ብሎ አኮረፈ። ልጅት ወደ ቤት ስታልፍ ሸሚዙን በፌስታል አባቷ ጋ ጣል አደረገችና “አባዬ፣ ይቺን ነፋስ ላይ ስቀልልኝ፣ ጠዋት እወስዳታለሁ” ብላ ሮጠች።

በረኪና ፌስታሉን ከፈተ። ግሪስ፣ ጭቃ፣ ቀይ ነገር፣ የጫማ ምልክት። “ልጄን ምን ዓይነት ሰዎች ጋ ነው የላክኋት!” አለና እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት።

በማግስቱ ጠዋት እኔም ሸሚዜን ልወስድ እዚያው ቆሜ ነበር። የፊልሙ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ ቆመ፤ ልጅት ገባች።

“አባዬ፣ ሸሚዟስ?”

“ያውልሽ! ወተት አስመስዬልሻለሁ።”

አየችው። የቆሸሸ ልብስ ክምር ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። “አባዬ፣ ቆሻሻው እኮ ነው ሥራዬ! ትናንት ሲደበደብ የነበረ ሰው ከድብድቡ መሀል የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ብቅ ሊል ነው?”

“ሀብታም አይደል እንዴ?” አለች እናትየው ከካውያዋ ሳትነሳ። “በመሀል ቀየረ በያቸው።”

“እማዬ!”

“ሌላ ሸሚዝ የላቸውም?” አለች እናትየው።

“አንዷ ተቀዳዳለች፤ የቀረችው ይቺ ናት።” ሚሊየነርነቱ ለፊልሙ ብቻ ነው ማለት ነው። “እድፉ የት የት እንደነበር የሚያሳየው ፎቶ ደግሞ ያለው የዳይሬክተሩ ረዳት ስልክ ላይ ነው፤ ከጠየቅኩት ዳይሬክተሩ ይሰማል፣ ከሰማ አበቃልኝ። ሹፌሩ ብለምነው ግማሽ ሰዓት ቢጠብቀኝ ነው።”

በረኪና እጁን በሽርጡ ጠረገ። “የምን ፎቶ? እኔ አንዴ የታገልኩትን እድፍ አልረሳም። ግራ ትከሻ ላይ አራት ጣት ግሪስ፣ አውራ ጣት የለውም። ሦስተኛው ቁልፍ ጋ ደም ተብዬው፤ ደም ሳይሆን የስኳር ሽሮፕ ነው፣ በለብታ ውሃ ነው የለቀቀው። ቀኝ ክርን ላይ ጥቁር ጭቃ። ጀርባው ላይ የቀኝ እግር ጫማ፣ ሶሉ ያለቀ።” ወደ እኔ ዞረ። “አንተ ምን ትገተራለህ? ከጋራዡ ግሪስ አምጣ!”

ሮጥኩ። በሕይወቴ የተሰማራሁበት ብቸኛው ተግባራዊ ትግል ይኸው ነው። እናትየው ከኬክ ቤቱ ቀይ የኬክ ቀለም ይዛ መጣች፤ አፈሩ ከደጃቸው የአበባ ማሰሮ ተገኘ። ሁሉም ተሟላ። በረኪና አራት ጣቱን ግሪሱ ውስጥ ነከረ፣ ወደ ሸሚዙ ትከሻ አስጠጋ፣ እጁ አየር ላይ ቀረ።

“አልችልም።”

“አባዬ፣ ሰዓቱ!”

“ንጹሕ ነው እኮ!” ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ሚስቱ ካውያዋን አስቀምጣ መጣችና የእጁን አንጓ ያዘችው። “ያ ከበርቴ ለልጁ ብሎ ስድስት ሰው ገጠመ፤ አንተ አንድ ሸሚዝ ፈራህ? በል ግባበት!” ብላ እጁን ሸሚዙ ትከሻ ላይ ለጠፍ አደረገችው።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! ቀይ ቀለሙን በስኳር አወፍሮ አንጠባጠበ፣ ጭቃውን ክርኑ ላይ ፈተገ፣ በመጨረሻ ሸሚዙን መሬት ላይ ዘረጋና በገዛ ቀኝ ጫማው ጀርባው ላይ ቆመ። ልጅት ነጥቃው ወደ መኪናው በረረች። እሱ እስከ ቀትር አንድ ካልሲ እያሸ ዋለ። ስልኩ ሲጮህ የሰማነው “አባዬ፣ አለፈ! ዳይሬክተሩም ‘ጎበዝ’ አለኝ!” የሚል ነው።

ፊልሙ ሲወጣ ሁላችንም ሄድን። ከበርቴው ልጁን አቅፎ ሲያነባ አዳራሹ ሙሉ ንፍጡን ይስባል። በረኪና ብቻ ከወንበሩ ብድግ አለ።

“ኮሌታው!” አለ። “ቅድም የላብ መስመር ነበረው፣ አሁን የለም! ረሳሁት! ኮሌታን እንደ እድፍ ቆጥሬው አላውቅም፣ እንዲሁ በልማድ ነው ያጠብኩት...”

“ቁጭ በል አባዬ” አለችው ልጁ። “እኔ ያኔውኑ መኪና ውስጥ አይቼዋለሁ።”

“ታዲያ ለምን አላቆሸሽሽውም?”

“አንድ ንጹሕ ቦታ ልተውልህ ብዬ።”

ተቀመጠ። ከበርቴው ልጁን ታቅፎ ከመጋዘኑ እስኪወጣ ድረስ ኮሌታውን ሲያይ ቆየና፣ “እሱስ አምሮበታል” አለ ጮክ ብሎ። ከኋላ ያሉት “እሽሽ!” አሉን።