የአርባ ዘጠነኛው ቀን ምሳ

አክሊሉ ጣዖት የሚባል ነገር ፈርቶ አያውቅም፤ እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ እንደዚያ ይመስለው ነበር። በንጉሡ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፍልስፍና ተምሯል፤ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የመኪና ማቆሚያ ጠብቆ ጡረታ ወጥቷል። ጠዋት ቴሌግራፍ ካፌ ውስጥ ወዳጁ ንጋቱ፣ «ሳን ሆዜ ወርደህ ቡድሃ ልትሳለም ነው አሉ! አደራህን፣ ምግባቸውን እንዳትቀምስ፤ ለጣዖት የቀረበ ነው» ሲለው ከት ብሎ ሳቀበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜ እንጂ ዕውቀት አልጨመርክም!»

የሚሄደው፣ ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ አሥራ ሁለት ዓመት በር ለበር የኖረችውን ቬትናማዊት ጎረቤቱን፣ ሚስስ ላንን፣ ሳን ሆዜ ወዳለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ለማድረስ ነበር። ባሏ ከሞተ አርባ ዘጠነኛው ቀን ነው፤ በእነሱ ደንብ ነፍሱ ተሰናብታ የምትሄድበት።

ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ጫማውን ሲያወልቅ እንግድነት አልተሰማውም። ውስጥ መነኮሳት ያዜማሉ፤ ከወርቅ ቅቡ ምስል ሥር የሟቹ ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፉ ፊት ሩዝና አትክልት ተደርድሯል። ጸሎቱ ሲያበቃ ያው ምግብ ተነሥቶ ለሰው ታደለ። ሚስስ ላን የእሱን ሰሃን በሁለት እጇ አቀበለችው።

«ሥጋ የለበትም፣ ሚስተር አክሊሉ። ጾም ላይ መሆንዎን አውቃለሁ።»

ሰሃኑን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ማንኪያውን ወደ አፉ አስጠጋ፤ በንጋቱ ላይ የሳቀው አፍ አልከፈት አለ። ግራ ቀኙን አየና ሩዙን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገለበጠው። ዘወር ሲል ሚስስ ላን ጭማሪ ይዛ ቆማለች።

«ከጠዋት ጀምሮ… ሆዴን አሞኛል» አላት።

«ሆድ ሲታመም ሩዝ ይከብዳል» አለችና ገብታ ዝንጅብል የፈላበት ሙቅ ውሃ አመጣችለት። እያየችው፣ ፊቱ እየጋለ፣ እስከ ጭላጩ ጠጣው።

በመልስ መንገድ አውራ ጎዳናው ላይ የራሱ ቤት ለቅሶ ትዝ አለው። ሚስቱ ውብዳር የሞተች ጊዜ ሚስስ ላንና ባሏ ሦስቱንም ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠው፣ የቀረበላቸውን ቀይ ወጥ በርበሬው እያስነባቸው በልተዋል። ሥጋ እንደማይነኩ የሰማው ከዓመት በኋላ ነው። እሱ ግን ለቅሶ ላይ የቀረበለትን ደፋ። ለእምነቱ ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ‹ይቅርታ፣ አልበላም› ብሎ ፊት ለፊት በተናገረ ነበር። ሌባ ግራ ቀኝ ያያል እንጂ አማኝ ምን ያሳየዋል?

«ሚስስ ላን፣ ሆዴን አላመመኝም።»

«አውቃለሁ» አለች፣ መስኮቱን እያየች። ቀጥላም፣ «ለባሌ ግን በልተዋል ብዬ ነገርኩት። ዛሬ የሚሄድበት ቀን ነው፤ ለምን አዝኖ ይሂድ?»

አክሊሉ መሪውን ጨበጠ።

«ከምሳው የተረፈ… የተረፈ አለ?» አለ።

«አለቀ» አለችው፣ ቅሬታ በሌለበት ድምፅ። «ሰው ሁሉ በላው።»