ነፋስ የማይደርስበት ጎድጓዳ

ጎምቦ ከብቱን ሁሉ በረዶ ከፈጀበት በኋላ፣ ባሏ የሞተባትን ልጁን ሃንድንና ገና ድክ ድክ የምትለውን የልጅ ልጁን ሶሎንጎን ይዞ ከገጠር ወደ ዋና ከተማው ኡላንባታር ሲገባ፣ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ነበር። በከተማዋ ዳርቻ ደህና ደህና ቦታ ሞልቷል። እሱ ግን የኖረ እረኛ ነውና ጣቱን በምራቅ አርሶ ነፋሱን ለካና፣ በሁለት ኮረብታ መካከል ያለች ጎድጓዳ ስፍራ ላይ የጠጉር ድንኳኑን ተከለ። የብርድ ወራት ሰፈር ነፋስ የማይደርስበት ይሁን ይላል የአባቶቹ ሕግ። ልጅ ሳለ አንድ ቀን ነፋስ ድንኳናቸውን ነቅሎት፣ ታናሽ እህቱ በእናቱ እቅፍ እንዳለች በብርድ ደርቃ ቀርታለች።

ኮረብታው አናት ላይ የሚኖረው የጭነት መኪና ሹፌር ጃምባ ሲያልፍ አየውና ሳቀ።

«አያ ጎምቦ፣ ጉድጓድ ገቡ እኮ! ቀበሮ ነዎት እንዴ?»

«አንተስ አሞራ ነህ? ነፋስ ጣራህን ሲወስደው እንተያያለን።»

ብርዱ ጠና። በተራሮች በተከበበችው ከተማ ላይ አየሩ መንቀሳቀስ ተወ፤ ቀዝቃዛው ከብዶ ወደ ጎድጓዳው ወረደ፣ ሞቅ ያለው ከላይ እንደ እፊያ ተከደነበት። ሰፈሩ ሁሉ ከሰል ያነዳል፤ ጎምቦም ያነዳል። ጢሱ ከምድጃው ቧንቧ ወጥቶ ጥቂት ከፍ ይልና፣ መሄጃ እንዳጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። በቀትር የራሱን አጥር ማየት ተሳነው። ሰው የሚያውቀው ነገር እንዲህ ይከዳዋል፤ እውቀቱ የተወለደበትን አገር ትቶ ሲሄድ።

ሶሎንጎ ማሳል ጀመረች። ሳሉ ሲያይል ሃንድ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ኮሪደሩ በእናቶች ተጨናንቋል።

«ቤታችሁ የት ነው?» አለች ሐኪሟ።

«ጎድጓዳው ውስጥ።»

«መድኃኒቱን ልስጥሽ። አየሩን ከየት ላምጣልሽ የኔ እህት?»

በማግስቱ ጎምቦ የልጅቷን ደረት አየ። በተነፈሰች ቁጥር ከጎድን አጥንቷ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እንዲህ የሚተነፍስ ግልገል ሲተርፍ አይቶ አያውቅም።

«አባዬ፣ ወደ ላይ እንውጣ» አለች ሃንድ።

«ወደ ነፋሱ? በዚህ ብርድ? ሕፃን ይዘሽ?»

«የጃምባ ልጆች አያስሉም።»

«ድንኳኑን ቢነቅለውስ? በእጃችን ላይ ብትደርቅብንስ?»

«እዚህስ?»

ጎምቦ ወጥቶ የድንኳኑን ገመድ ይፈታ ጀመር።

ሃንድ የጠራችው ጃምባ መኪናውን ይዞ መጣ። «ቀበሮው ወጣ!» ብሎ ሊቀልድ ሲል የልጅቷን ከንፈር አየ፤ ጠቁሯል። ቀልዱን ትቶ የድንኳኑን እንጨት ይጭን ጀመር። ዳገቱ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ድንገት ከጢሱ በላይ ፀሐይ ታየች። ጎምቦ ወደ ኋላ ቢያይ፣ የኖረበት ቦታ የለም፤ ግራጫ ነገር ብቻ ተኝቶበታል። አናቱ ላይ የጃምባ ሚስት ለአዲስ ሰፋሪ የሚገባውን ትኩስ የወተት ሻይ ይዛ ጠበቀቻቸው። ድንኳኑን ተረባርበው ተከሉት።

አመሻሽ ላይ ነፋሱ መጣ። ግድግዳው አቃሰተ። ጎምቦ ከጣራው መሃል የሚንጠለጠለውን ገመድ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጣራው እንዳይነሳ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። የእህቱ ፊት መጣበት። ዓይኑን ጨፍኖ «ሂድ፣ ሂድ» አለ ለነፋሱ፣ ዕድሜውን ሙሉ እንዳለው።

«አባዬ» አለች ሃንድ፣ መዳፏን በሶሎንጎ ደረት ላይ አድርጋ። «ተኛች። ትንፋሿ ረጋ ብሏል።»

ያን ጊዜ ነፋሱ ቆመ። ፀጥታው ከነፋሱ ይልቅ አስፈራው። በሩን ገርበብ አድርጎ ቁልቁል ተመለከተ። ግራጫው ጢስ የጎድጓዳውን ጠርዝ አልፎ ዳገቱን ቀስ እያለ እየወጣ ነው። ልጅቷ በእንቅልፏ አንዴ ሳለች።

ጎምቦ ተመልሶ ገመዱን ያዘ።

«ና» አለ ለነፋሱ በለሆሳስ። «እባክህ፣ ና።»