አንድ ሰው፣ አንድ ቁጥር

በሆስፒታላችን ካርድ ክፍል ኮምፒውተር ከመግባቱ በፊትም ኮምፒውተር ነበረን። ካላመናችሁኝ ቅር አይለኝም። አንዲት አጭር፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። በሽተኛው ቁጥሩን ረስቶ መስኮታችን ላይ ሲቆም ፊቱን አንዴ ታየውና ወደ መደርደሪያዎቹ ትገባለች፤ ስትወጣ ካርዱ በእጇ ነው። ሐኪሞቹ «ኮምፒውተሯ» ያሏት ለዚህ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተጠግተን ሠርተናል፤ ስለዚህ የምነግራችሁ በወሬ የሰማሁትን አይደለም።

አንድ ሰኞ ጠዋት አስተዳዳሪው መጣና ካርድ ክፍሉ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ ኮምፒውተር ሊዞር መሆኑን ነገረን። «ዲግሪ ያለው ይቆያል፣ የሌለው ልብስ ማጠቢያ ይመደባል» ብሎ በቆመበት ተመልሶ ወጣ። እኔ ለጡረታ አምስት ዓመት ነበር የቀረኝ፤ ጥርሴን ነክሼ አልፈዋለሁ አልኩ። እሷ ግን አሥራ ሦስት ዓመት ይቀራታል። ወገቧ የታመመ ነው፣ እርጥብ አንሶላ አንድ ሳምንት አያሠራትም። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፤ ያላት ያ አቧራማ ክፍል ብቻ ነው። «ከዚህ ካወጡኝ አለቀልኝ» አለችኝ። የምሯን ነበር።

እናም የድሮ ዲፕሎማዋን ይዛ በአርባ ሰባት ዓመቷ ዩኒቨርሲቲ ገባች። የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር፣ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ። የክፍሏ ልጆች «እማማ» ይሏታል። መጀመሪያ ማውዙን ስትይዝ ቀስቱ ከስክሪኑ ጠርዝ እየጠፋባት፣ ከኋላዋ የተቀመጡት ይስቁባት ነበር። ፕሮግራሚንግ ወድቃ በድጋሚ ፈተና «ሲ» ያገኘች ቀን፣ መንታ የተገላገለች ይመስል አላስቀምጥ አላስቆም አለችን።

ዳታቤዝ የሚባለው ትምህርት ሲመጣ ግን የሚስቅ ጠፋ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሰንጠረዥ ሲስል ልጆቹ ይፋጠጣሉ፤ ለእሷ ግን ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችበት ቤት ነው። በምሳ ሰዓት ምግቤን አስጥላ እኔንም ታስተምረኝ ነበር። «ሰንጠረዡ መደርደሪያው ነው፣ ረድፉ የአንድ ሰው ካርድ ነው፣ አምዱ ደግሞ ስለዚያ ሰው የምንጠይቀው ጥያቄ ነው። አምድ ያልተሠራለትን ነገር ማሽኑ አያውቀውም፤ ብትሞቺለትም አያውቀውም።»

«እኔ እንኳ ለሱ አልሞትም» አልኳት።

የመመረቂያ ሥራዋ የራሳችን ካርድ ክፍል ሆነ። አስተዳዳሪው ፈቀደ፤ ለምን አይፈቅድም፣ በነፃ ነው። ግድግዳው ላይ በትልቁ «አንድ ሰው፣ አንድ ቁጥር» ብላ ጻፈች። ካርዱን ጥሎ ሦስት ጊዜ አዲስ ያወጣውን ሁሉ እየፈለገች ወደ አንድ ትሰበስበዋለች። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትተይባለች።

ችግሩ የታጠፉት ወረቀቶች ላይ መጣ። ይህን ከእኛ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ ሐኪም እንኳ አልነበረም። የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ያለው ድሃ አለ፤ ከእሱ የባሰ ድሃ ሆኖ ደብዳቤ የሌለው ደግሞ አለ። ለምሳሌ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። ታላቋ ልብስ አጣቢ ናት፣ ደብዳቤ አላት። ታናሿ ኋላ መጥታ እሷ ዘንድ የተጠጋች ናት፣ የትም አልተመዘገበችም። ታናሿ ስትታመም በታላቋ ካርድ ትመጣለች። መልካቸው ተቀራራቢ ነው፤ እኛም ሆዳችን አይችልምና ዝም አልን። እንዳይምታታ ግን የታናሿን ወረቀቶች የላይኛውን ጥግ እናጥፋቸዋለን። ታላቋ ስትመጣ የታጠፉትን መሳቢያ ውስጥ አስቀርተን ያልታጠፉትን ብቻ ለሐኪም እንልካለን፤ ታናሿ ስትመጣ የታጠፉትን ብቻ። እንዲህ ያለ ካርድ አርባ አንድ ነበረን። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳትንም፤ ሲሳሳት ያየሁት ደንብ ብቻ ተከትሎ የሚሠራውን ሰው ነው።

«እነዚህን ምን ልናደርጋቸው ነው?» አልኳት።

የአንዱን ወረቀት የታጠፈ ጥግ በጣቷ ደባበሰች። «ለመመረቂያ ሥራዬ አማካሪ ብነግረው ለሆስፒታሉ ዳይሬክተር ይደርሳል። እኛን ያባርሩናል፣ እነሱን አታለላችሁ ብለው ይከሷቸዋል። ወረቀታቸውን ብተወው ደግሞ ሲታመሙ ምን ይዘው ይመጣሉ?»

«እና?»

«በአንድ ቁጥር አስገባቸዋለሁ። የቱ የማን እንደሆነ እኔ በጭንቅላቴ አውቀዋለሁ።»

ጥፋቷ ይህ ነው። ጭንቅላቷን ከሰንጠረዡ አምዶች አንዱ አደረገችው። ያስተማረችኝን ራሷ ረሳችው፤ እኔም አላስታወስኳትም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኋላ ይፈለጋል። «የማይስማማ መድኃኒት» የሚል ሳጥን አለ፣ አንድ መልስ ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለት ወረቀት የተለያየ ነገር ካለ ማሽኑ አዲሱን እንዲይዝ ደንብ ሠራችለት። አማካሪዋ ለዚህ ደንብ አመስግኗታል። በታላቋ እህት ወረቀት ላይ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን» ተብሎ ተጽፏል። በታናሿ ወረቀት ላይ አምና «የለም» ተብሎ ተጽፏል። በሳምንት ስምንት መቶ ካርድ ስናስገባ እኔ ሁለቱንም አንብቤላታለሁ፤ አንዳችንም አላስተዋልንም።

ተመረቀች። ካባውን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ እስካሁን ጠረጴዛዋ ላይ አለ። ከክፍሉ የሚያስወጣት ጠፋ፤ እንዲያውም ኃላፊ አደረጓት፤ እኔንም ከእሷ ጋር አስቀረችኝ። ጉድና ጅራት ግን ከወደ ኋላ ነው። ሲስተሙ በየክፍሉ ሲገባ መስኮታችን ተዘጋ። ነርሱ በአልጋው አጠገብ ሆኖ ስም ሲጽፍ ሁሉም ይመጣለታል። ካርድ አምጡ የሚል የለም፣ ስለዚህ የበሽተኛውን ፊት የምናይበት መንገድ አልቀረልንም።

በሰባተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ ታላቋን እህት ጎረቤቶቿ ተሸክመው አመጧት። ሳንባ ምች ነው፤ ትንፋሿ ተቆራርጦ መናገር አቅቷታል። ታናሿ ሥራ ላይ ነበረች። ሐኪሙ የፔኒሲሊን መርፌ አዘዘ። ነርሱ ጠንቃቃ ልጅ ነው፣ የታወቀ ነው፤ ከመውጋቱ በፊት ስክሪኑን ከፍቶ አየ። «የለም» ይላል። ወጋት። ሩብ ሰዓት አልቆየችም።

ወሬው ሲደርሰን ሁለታችንም አልተያየንም። የድሮዎቹ ካርዶች ወደተከማቹበት መጋዘን ወርደን ካርዷን አወጣን። ቀዩ ጽሑፍ አልደበዘዘም። ኮምፒውተሯ ካርዱን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬቱ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ታናሿ መጣች። አጣሪ ኮሚቴ መቋቋሙን ሰምታለች፤ በር ዘግታ እግራችን ላይ ወደቀች።

«እናቶቼ፣ የኔን ወረቀቶች አውጡልኝ። በሷ ካርድ መታከሜ ከታወቀ ያስሩኛል። ሦስት ልጆቿ እኔ ጋ ናቸው፤ ትልቁ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። ማን ያበላቸዋል?»

የእህቷ ሞት ከእነዚያ ወረቀቶች ጋር የተያያዘ መሆኑን አታውቅም። ንገሪያት አትንገሪያት እያልኩ ኮምፒውተሯን አየኋት። እሷ አነሳቻት፣ እንባዋን ጠረገችላት፣ «ሂጂ፣ አወጣዋለሁ» አለቻት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የታጠፉትን ወረቀቶች ከካርዱ አወጣች፤ በማሽኑ ላይም የታናሿን ጉብኝቶች አንድ በአንድ ሰረዘች። ማን መቼ ምን እንደቀየረ የሚይዘውን ሰንጠረዥ አማካሪዋ ጨምሪ ቢላት ጊዜ አጥሯት ትታው ነበርና፣ ማሽኑ ምንም አልመዘገበም። የመጨረሻው ሲሰረዝ ማሽኑ በራሱ ደንብ የቀረውን አዲስ መልስ ፈልጎ አመጣ። ሳጥኑ ውስጥ «ፔኒሲሊን» የሚል ቀይ ጽሑፍ ቁጭ አለ።

«አሁን ገና ልክ ሆነ» አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ልጁስ?» አልኳት፤ ነርሱን ማለቴ ነው።

ስክሪኑን አጥፍታ ቦርሳዋን አነሳች። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኳትም። ሆድ ይፍጀው አልኩ፤ የገዛ እጄም ሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት ሲያጥፍ ኖሯል። ከፈለጋችሁ እርገሙኝ፤ የሦስቱን ልጆች ነገር አስቤ ነው ብዬ ግን አልዋሽም። ፈርቼ ነው።

ኮሚቴው በተከታዩ ሳምንት ሐሙስ ተቀመጠ። ነርሱ ተነስቶ «ከመውጋቴ በፊት አይቻለሁ፣ የለም ነበር የሚለው፣ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት» አለ። ዳይሬክተሩ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረለት። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አለ፣ እንደገና ጎንበስ አለ።

«የለም ነው ያነበብኩት» አለ፣ ድምፁ ቀንሶ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና መዳፎቹን ትክ ብሎ አያቸው። «እንግዲህ… ሳላይ አየሁ ብያለሁ ማለት ነው። ያን ቀን ሰው በዝቶብኝ ነበር። እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ዳይሬክተሩ ኮምፒውተሯን የምትጨምረው ካለ ጠየቃት። «ሲስተሙ ላይ ያለው ትክክል ነው» አለች። እውነቷን ነው። እኔንም ጠየቁኝ፤ «የለኝም» ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ልጁ የስንብቱን ወረቀት ፈርሞ ሲወጣ እኛ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። «ስደነግጥ መጀመሪያ የርስዎን ሥራ ነበር ያማሁት። ተሳስቷል ብዬ ለሰውም አውርቻለሁ።»

ኮምፒውተሯ እጁን ያዘችው። «ምንም አይደል፣ ልጄ» አለችው።